ዘገምተኛው ቆፋሪ ይበደላልን?

ሰዎች በአንድነት ሠርተው በአንድነት ለመካፈል ሲስማሙ፣ ከሥራው ይልቅ ክፍፍሉ እንደሚከብድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በደቦ ያጨደ፣ በዕቁብ የቆጠበ፣ በሽርክና የነገደ ሁሉ ይህን ያውቃል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ስለ ማበሩ እንጂ፣ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ቆዳው እንዴት እንደሚከፈል የሚነግረን ነገር የለም።

በዘመናችን ከሚካሄዱት ታላላቅ የጋራ ሥራዎች አንዱ የሚከናወነው በማሽኖች ነው። ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት ማይኒንግ የሚባለውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች፣ በዚህ ጽሑፍ «ቆፋሪዎች» የምንላቸው፣ ማሽኖቻቸውን «ፑል» ወደሚባል ማኅበር አስገብተው የተገኘውን ይካፈላሉ። ከማሽኖቹ አንዳንዶቹ እጅግ ፈጣኖች፣ ሌሎቹ እጅግ ዘገምተኞች ናቸው። በመሆኑም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይበላውምን? ዘገምተኛው ሥራውን ሳይጨርስ ፈጣኑ ቀድሞ ከጨረሰ፣ የዘገምተኛው ድካም ከንቱ አይቀርምን?

በእኛ እምነት ይህ መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ጣቱን የሚቀስረው በንጹሑ ላይ ነው። በደል የለም አንልም። በደሉ የሚገኘው ግን በማሽኑ ፍጥነት ሳይሆን በክፍፍሉ ደንብ ውስጥ ነው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

ሥራው ምንድን ነው?

ቢትኮይን ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በቀረበ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ለዓለም የተዋወቀ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ነው። ገንዘቡን የሚቆጣጠር ባንክ የለም፤ በምትኩ ማንኛውም ሰው ቅጂውን ሊይዝ የሚችል የሒሳብ መዝገብ አለ። የተፈጸሙ ክፍያዎች ተሰብስበው «ብሎክ» በሚባል ገጽ ላይ ይሠፍራሉ። ገጹን በመዝገቡ ላይ ለመጨመርና ሽልማቱን ለመውሰድ መብት የሚያገኘው፣ ለማግኘት አስቸጋሪ የሆነ አንድ ቁጥር ፈልጎ ያገኘ ቆፋሪ ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው በመሞከር ብቻ ነው። ማሽኑ በገጹ ላይ ካለው መረጃ ጋር አንድ ቁጥር አዳብሎ ኤስኤችኤ-256 በሚባል ቀመር ውስጥ ያሳልፈዋል። የሚወጣው ውጤት፣ «ሃሽ» የሚባለው፣ ከተወሰነ ወሰን በታች ከሆነ ማሽኑ አሸነፈ፤ ካልሆነ ቁጥሩን ለውጦ እንደገና ይሞክራል። ውጤቱን አስቀድሞ ለመገመት የሚያስችል መንገድ አልተገኘም። ወሰኑ በየ2,016 ብሎኩ ስለሚስተካከል፣ የማሽኖቹ ብዛት ቢጨምርም ቢቀንስም በመላው ዓለም በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ ይገኛል። ለአሸናፊው የሚሰጠው አዲስ ገንዘብ ሲጀመር 50 ቢትኮይን ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ መጥቶ ከአፕሪል 2024 ወዲህ 3.125 ሆኗል።

ታዲያ ማኅበር ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም ያሉት የቢትኮይን ማሽኖች በአንድነት በየሰከንዱ የሚያደርጉት ሙከራ፣ 1 ተጽፎ 21 ዜሮ ከሚከተለው ቁጥር ላይ ደርሷል። በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ሙከራ የሚያደርግ አንድ ዘመናዊ ማሽን ከዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ከአምስት ሚሊዮን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ብቻውን ቢሠራ አንድ ብሎክ ለማግኘት በአማካይ 50 ሚሊዮን ደቂቃ፣ ማለትም 95 ዓመት ያህል መጠበቅ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ግን በየወሩ ይመጣል።

ማኅበሩ ይህን ችግር ያቃልላል። በቀዳሚነት የሚታወቀው ስለሽ ፑል እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ ማኅበሩ ለአባላቱ ከእውነተኛው ወሰን እጅግ የቀለለ ሌላ ወሰን ይሰጣል። ቀላሉን ወሰን ያለፈ ውጤት «ሼር» ይባላል። ሼር በራሱ ገንዘብ አያስገኝም፤ ነገር ግን አባሉ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ከአባላቱ አንዱ እውነተኛውን ወሰን ሲያልፍ ሽልማቱ ወደ ማኅበሩ ይገባና እንደየሼሩ ይከፋፈላል።

ሩጫ ወይስ ዕጣ?

ብዙ ሰው ይህን ሥራ እንደ ሩጫ ይቆጥረዋል። በሩጫ መንገዱ የተለካ ነው፤ ግማሹን የሮጠ ግማሹ ይቀረዋል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የዘገምተኛው ስጋት ትክክል በሆነ ነበር፤ ፈጣኑ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚደርስ ዘገምተኛው ከመንገድ ላይ እየተመለሰ ዕድሜውን ይፈጅ ነበርና። ይሁን እንጂ ሥራው ሩጫ አይደለም፤ ዕጣ ነው።

አንባቢያን በክፍላችሁ ይህን ሙከራ አድርጉ። ሁለት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዳይስ ይያዙ። ፈጣኑ በደቂቃ 10 ጊዜ፣ ዘገምተኛው በደቂቃ 1 ጊዜ ይጣል፤ ስድስት በወጣ ቁጥር አንድ ነጥብ ይመዝገብለት። ሦስተኛ ተማሪ በየ5 ደቂቃው ደወል እየደወለ አዲስ ዙር መጀመሩን ያውጅ። ዘገምተኛው በአንድ ዙር የሚጥለው 5 ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከአሥር ዙር በአራቱ ያህል አንድም ስድስት ሳያገኝ ደወሉ ይደርስበታል። ይህን የሚያይ ሁሉ «ተበደለ!» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ሰዓት ሲሞላ ዘገምተኛው 60 ጊዜ፣ ፈጣኑ 600 ጊዜ ጥለዋል፤ በአማካይ የሚጠበቅላቸውም 10 እና 100 ነጥብ ነው። ደወሉ ጨርሶ ባይደወልም ግምቱ ያው ነው። ምክንያቱም ዳይሱ ያለፈውን አያስታውስም። አራት ጊዜ ጥሎ ያጣ ሰው ወደ ስድስት የቀረበው አንዳች ነገር የለም፤ ስለዚህ ደወሉ የሚቀማው ነገር የለም።

ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ይህን ጠባይ ከጂኦሜትሪክና ከኤክስፖኔንሻል ሥርጭቶች ታውቁታላችሁ። ከላይ የጠቀስነው ብቸኛ ማሽን፣ የዓለሙ ሁኔታ ሳይለወጥ 95 ዓመት ሠርቶ ምንም ባያገኝ፣ ከዚያ በኋላም የሚጠብቀው አማካይ ጊዜ እንደገና 95 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሳያገኝ የመቅረቱ ዕድል 37 በመቶ ያህል ነው። ዕጣ የደከመ ሰው ላይ አይራራም፤ የዘገየ ሰው ላይም አይጨክንም።

እርግጥ ነው፣ ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው የአንድ ሙከራ ርዝመት ነው። ዘገምተኛው ዳይሱን አንዴ ለመጣል ሁለት ደቂቃ የሚፈጅበት ቢሆን፣ ከአምስቱ ደቂቃ በአራቱ ሁለት ጊዜ ጥሎ ሦስተኛው ሳያልቅ ደወሉ ይደርስበታል፤ ከሥራው 20 በመቶ ይባክናል። በቢትኮይን ግን አንድ ሙከራ የሚወስደው ከሰከንድ እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ በመሆኑ ይህ ጉዳት ከቁጥር አይገባም። ሁለተኛው የመልእክት መዘግየት ነው። አዲስ ብሎክ መገኘቱን አባሉ ከ3 ሰከንድ በኋላ ቢሰማ፣ ከ600 ሰከንድ 3ቱን፣ ማለትም ግማሽ በመቶውን በአሮጌው ገጽ ላይ ያባክናል። ነገር ግን ይህን ኪሣራ የሚያመጣው የማሽኑ ዘገምተኛነት ሳይሆን የመስመሩ ዘገምተኛነት ነው። ደካማ ኢንተርኔት ያለው ባለ ብዙ ማሽን ከትንሹ ጎረቤቱ ጋር በመቶኛ እኩል ይከስራል።

አለመተካከል እና በደል

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አንትማይነር ኤስ9 በሰከንድ 13.5 ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ለማድረግ 1,300 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከሰባት ዓመት በኋላ የተዋወቀው ኤስ21 ደግሞ 200 ትሪሊዮን ሙከራ ለማድረግ 3,500 ዋት ይበቃዋል። ለአንድ ሙከራ የሚጠፋው ኤሌክትሪክ ሲሰላ አሮጌው ከአዲሱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይበላል። የአሮጌው ባለቤት በዚህ ምክንያት ቢከስር እናዝንለታለን፤ ማኅበሩ በደለው ማለት ግን አንችልም። ማኅበሩ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእኩል ሥራ እኩል ከፍሏል ወይስ አልከፈለም?

ደንቡ ሲጣመም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ለእኩል ሥራ እኩል መክፈል ቀላል ይመስላል፤ የቢትኮይን ታሪክ ግን ቀላል አለመሆኑን አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹ ማኅበራት የተጠቀሙበት ደንብ ማንም ሰው በቅንነት የሚያወጣው ነበር፤ ብሎክ ሲገኝ ሽልማቱን በዚያ ዙር ለቀረቡት ሼሮች ሁሉ እኩል ማካፈል።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? ሽልማቱ 1,000 ብር የሆነበት ሁለት ዙር እንውሰድ። የመጀመሪያው ዙር በ100 ሼር አለቀ፤ እያንዳንዱ ሼር 10 ብር አገኘ። ሁለተኛው ዕድል ሳይቀናው በ400 ሼር አለቀ፤ እያንዳንዱ 2.50 ብር አገኘ። በሁለቱም ዙር ጠቅላላ ለ500 ሼር 2,000 ብር ስለ ተከፈለ፣ ትክክለኛው የአንድ ሼር ዋጋ 4 ብር ነው። አንድ ብልጣብልጥ ግን በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ላይ 10 ሼር ብቻ አቅርቦ ወደ ሌላ ማኅበር ይዘላል። የእርሱ 20 ሼሮች 125 ብር፣ ማለትም በአማካይ 6.25 ብር ያገኛሉ። ለቀሩት 480 ሼሮች የሚደርሳቸው ከ4 ብር ያነሰ፣ 3.91 ገደማ ነው። ብልጣብልጡ የሰረቀው ነገር የለም፤ አንድም ሐሰተኛ ሼር አላቀረበም። ደንቡ ራሱ ከታማኞቹ ኪስ አውጥቶ ሰጠው።

ይህ ዘዴ «ከፑል ፑል መዝለል» በመባል ታወቀ። መኒ ሮዘንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው የታወቀ ጥናት እንደ ተተነተነው፣ የቀረቡት ሼሮች ከአንድ ዙር አማካይ ርዝመት 43.5 በመቶ ሲደርሱ ጥሎ መሄድ ለዘላዩ ያዋጣዋል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ያተረፈው ፈጣኑ አይደለም፤ የከሰረውም ዘገምተኛው አይደለም። ያተረፈው ደንቡን ያወቀ ሲሆን፣ የከሰረው ደንቡን ሳይመረምር አምኖ የተቀመጠው ነው። የዘላዩን ሒሳብ ለመሥራትና በየማኅበሩ የሚዞር ፕሮግራም ለመጻፍ ጊዜና ዕውቀት የሌለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ቆፋሪ ነው።

መፍትሔዎች ቀርበዋል። ስለሽ ፑል ለቅርብ ጊዜ ሼር ከፍ ያለ፣ ለቆየ ሼር ዝቅ ያለ ነጥብ የሚሰጥ ደንብ አወጣ። መዝለል ቀነሰ፤ ነገር ግን ዙሩ ሊያልቅ ሲል መብራት የጠፋበት አባል የቀደመ ሥራው ከእጁ ሲሟሽሽ ያይ ጀመር። ሌሎች ማኅበራት ዙርን ጨርሶ ትተው፣ ብሎክ በተገኘ ቁጥር በመጨረሻ ለቀረቡት የተወሰኑ ሼሮች የሚከፍል ደንብ ያዙ። ሌሎቹ ደግሞ ብሎክ ቢገኝም ባይገኝም ለእያንዳንዱ ሼር ቁርጥ ዋጋ ይከፍላሉ። በዚህ በመጨረሻው ደንብ የዕጣውን መዋዠቅ የሚሸከመው የማኅበሩ አስተዳዳሪ ስለ ሆነ፣ በምትኩ ከፍ ያለ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ደንብ አደጋውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አያጠፋውም።

ስፍሩ እና ጠርዙ

ትንሹ ቆፋሪ በእውነት የሚጎዳባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ፤ ዓይን የማይጥልባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስፍሩ ነው። ማኅበሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከባድ ወሰን ቢሰጥ፣ ፈጣኑ በቀን 10,000 ሼር፣ መቶ ጊዜ የሚያንሰው ዘገምተኛ 100 ሼር ያቀርባሉ። አማካዩ ትክክል ነው፤ መዋዠቁ ግን የሼሩ ብዛት ስኩዌር ሩት በጨመረ መጠን እየቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ፣ የፈጣኑ የቀን ገቢ በ1 በመቶ፣ የዘገምተኛው በ10 በመቶ ገደማ ይዋዥቃል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ለትንሹ በጣሳ፣ ለትልቁ በኩንታል መስፈር። ለዘገምተኛው ቀላል ወሰን ተሰጥቶ ሼሩ አነስተኛ ዋጋ ይኑረው፤ ለፈጣኑ ከባድ ወሰን ተሰጥቶ ሼሩ እንደ ክብደቱ ይቆጠርለት። ያኔ ሁለቱም ተቀራራቢ ብዛት ያለው ሼር ስለሚያቀርቡ መዋዠቁም ይቀራረባል። ዛሬ ማኅበራት በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው የክፍያ ጠርዝ ነው። የአባሉ ሒሳብ ከተወሰነ መጠን ሳይደርስ ገንዘቡ አይላክም የሚል ደንብ የተለመደ ነው። ፈጣኑ በቀናት የሚደርስበትን ጠርዝ ዘገምተኛው በወራት ይደርስበታል፤ በዚያ መካከል ማኅበሩ ቢዘጋ የሚቀልጠው የትንሹ ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ቁርጥ የመላኪያ ክፍያ ነው። 5 ብር ከ1,000 ብር ላይ ግማሽ በመቶ፣ ከ50 ብር ላይ ግን 10 በመቶ ነው። ስለ ፍጥነት ሲከራከር የዋለ ሰው እነዚህን ሁለት መስመሮች ሳያነብ ቢገባ፣ ሌባውን በር ላይ ሲጠብቅ በመስኮት እንደ ገባበት ይቆጠራል።

ለዘገምተኛው ማድላት ይቻላልን?

«እንግዲያው ማኅበሩ ለደካማው ከፍ አድርጎ ለምን አይከፍልም?» የሚል ቅን ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ቢሆንም በዚህ ዓለም አይሠራም። ማኅበሩ አባሉን የሚያውቀው በስም እንጂ በመልክ አይደለም። ለትንሹ በሼር የበለጠ ቢከፈል፣ 1,000 ማሽን ያለው ባለጠጋ በማግሥቱ በ1,000 ስም ተመዝግቦ 1,000 ድኾች ሆኖ ይመጣል። በተቃራኒው ለትልቁ ቢደላ፣ ትንንሾቹ በአንድ ስም እየተጠቃለሉ ትልቅ ለመምሰል ይገደዳሉ። መከፋፈልም ሆነ መጠቃለል የማያዋጣበት ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ሠራው ሳይጠይቅ ለሥራው መጠን ብቻ የሚከፍል። ስለዚህ ለትንሹ የሚበጀው ምጽዋት ሳይሆን የተስተካከለ ሚዛን ነው።

ለምን ያስጨንቀናል?

ማኅበራት የተፈጠሩት ትንንሾቹ ከሥራው እንዳይወጡ ነበር። ነገር ግን ማኅበር ሲያድግ ሌላ አደጋ ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ጂሃሽ.አይኦ የተባለ አንድ ማኅበር ከዓለም የቢትኮይን ሙከራ ግማሹን ያህል በእጁ አስገብቶ ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ከግማሽ በላይ የያዘ ወገን መዝገቡን ለማዛባት ይችላልና። በ2024 እና በ2025ም ፋውንድሪ ዩኤስኤ እና አንትፑል የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከተገኙት ብሎኮች ግማሽ ያህሉን አግኝተዋል። ትንሹ ቆፋሪ ደንቡን መርምሮ ከማይመቸው ማኅበር ወደሚመቸው ለመሄድ መቻሉ፣ ለራሱ ኪስ ብቻ ሳይሆን ለመዝገቡ ታማኝነትም ዋስትና ነው።

ጉዳዩ ከአገራችንም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶከረንሲ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በአንጻሩ በ2024 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ አብዛኞቹ ከቻይና ለመጡ የማይኒንግ ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደ ቁፋሮው አይጋብዝም። የምንለው፣ ከወንዞቻችን የሚመነጨው ኃይል ወደ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚገባና ገቢውም በምን ዓይነት ሒሳብ እንደሚከፋፈል ማወቅ የተማሪ ድርሻ ነው ነው።

ከዚህም በላይ ትምህርቱ ከቢትኮይን ይሰፋል። የወተት ማኅበር ለሁለት ሊትር አቅራቢና ለሁለት መቶ ሊትር አቅራቢ በሊትር እኩል ቢከፍልም፣ የመመዝገቢያና የማጓጓዣ ክፍያው ቁርጥ ከሆነ ባለ ሁለት ሊትሩን ያከስራል። ሰው ሲበደል በመጀመሪያ የሚያየው ከፊቱ የሚሮጠውን ፈጣን ጎረቤቱን ነው። ጎረቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። መታየት ያለበት ሁለቱም ሳያነቡ የፈረሙበት ደንብ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ስለዚህ አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው። የጋራ ሥራ ሲቀርብላችሁ «እኔ ዘገምተኛ ነኝ ወይስ ፈጣን?» ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ደንቡን በወረቀት ላይ አውርዱት፤ ለአንድ ስፍር ሥራ ስንት እንደሚደርስ ለትንሹም ለትልቁም፣ ቀድሞ ለመጣውም ዘግይቶ ለመጣውም አስሉት። አራቱ መልሶች አንድ ከሆኑ ማኅበሩ ፍትሐዊ ነው። ከተለያዩ ደግሞ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍለው ሒሳቡ ራሱ ይነግራችኋል።